የጎረቤት ልጅ

በዚያ ሰፈር ፀጉሩን ሊስተካከል የገባ ሰው ፀጉሩ ቀንሶ ሳቁ ጨምሮ ይወጣ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታ አዋቂ ነው። የደንበኛውን ራስ በሁለት መዳፉ ቀና አድርጎ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እያየ አንዲት ቀልድ ጣል ያደርግለታል፤ ፊቱን ቋጥሮ የመጣው ሰውም ገና ፎጣው ከአንገቱ ሳይነሣ ጥርሱን መክደን ያቅተዋል።

ስሙን ያስጠራው ግን ጨዋታው ብቻ አልነበረም፤ መሸፈን ማወቁ ነበር። አናቱ መሳሳት የጀመረውን ሰው የጎኑን ፀጉር አስረዝሞ ወደ ላይ ይመልስለታል። ከጆሮው በላይ የልጅነት ጠባሳ ያለበትን ሰው እዚያች ቦታ ላይ ማሽኑን አያስጠጋበትም። አንደኛው ጆሮው ከሌላው ዝቅ ያለበትን ደግሞ ሁለቱን ጎን ሆን ብሎ እያበላለጠ እኩል ያስመስለዋል። ማንም ሰው ጉድለቱን አይነግረውም፤ እሱም ማንንም አይጠይቅም። ጣቶቹ ራሳቸው ያገኙታል። «ፈጣሪ ቸኩሎ የተወውን እኔ ተረጋግቼ እጨርሰዋለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሱቁ ረዥምና ጠባብ ነው። ሁለት ወንበሮች፣ ተራ የሚጠበቅበት አንድ አግዳሚ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፤ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ መጋረጃ። መጋረጃውን አይቶ ለጠየቀው ሁሉ «የፎጣና የሳሙና ጓዳ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ ፎጣም ሳሙናም አለበት። ከፎጣውና ከሳሙናው መሐል ግን፣ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ፣ ስምንት ዓመት የሞላት ልጁ ትውላለች።

እናቷ ጭምቴ ትላታለች። እናትየዋ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራ ቀን ቀን ልጅቷን የሚጠብቃት አባትየው ነው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰሙት ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ነበር። እናትየዋ ቃሉን ተሸክማ ወደ ቤት አመጣችው፤ አባትየው ግን ከሆስፒታሉ በር ላይ ጥሎት የመጣ ይመስል ዳግመኛ በአፉ አላነሣውም። አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ «ሌሎቹን ትረብሻለች» ተብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ያለው ዓለሟ ጓዳው ነው።

በጓዳው ውስጥ ጥርሳቸው የረገፈ ማበጠሪያዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድራለች፤ ትበትናቸዋለች፤ እንደገና ትደረድራለች። የማሽኑን እምምታ ትወዳለች። ማሽኑ ሲነሣ ጉንጯን ጓዳውን ከሱቁ በሚለየው ጣውላ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። የመቀስን ድምፅ ግን አትችለውም። መቀስ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ካለ የእጇን አንጓ በጥርሷ ይዛ ትጮኻለች፤ አንጓዋ ከዚህ የተነሣ እንደ ተረከዝ ደድሯል። አባትየው መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈበት ሰነበተ። ለደንበኞቹ «መቀስ እኮ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን ሁሉ በማሽን ነው» ይላቸዋል፤ እነሱም ዘመናዊነቱን ያደንቃሉ።

የራሷ ቃል ጥቂት ነው፤ የሰማችውን ግን ከነዜማው፣ ከነሳሉ ታስቀራለች። ማታ እቤት ውስጥ በሰው ሁሉ ድምፅ ትናገራለች። «ጎኑ ዝቅ ይበል ወይስ ይበቃል?» ትላለች በአባቷ ድምፅ። «ኧረ ይበቃል፣ ሚስቴ እንዳትስቅብኝ!» ትላለች በደንበኛ ድምፅ። እናትየዋ በዚህ ትስቃለች። አባትየውም አብሮ ይስቃል፤ ምን እንደምታወጣበት ግን ሁልጊዜ በከፊል ይፈራል።

የፈራው ነገር በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተዘራ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሩ» ይለዋል። ቃሉ ይደመጣል፤ እሱ ያመሰገነው ሱቅ ይሞላል። ፂሙን እየተላጨ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ቆርቆሮ ወደቀና ረዥም ጩኸት ተከተለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ አረፋ በተቀባ አፉ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከጉንጩ ላይ አነሣ። መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ ልጄ። በምትኳ ሌላ ወጣ።

«የጎረቤት ልጅ ናት፣ ጋሼ። እናቷ እስክትመለስ ጠብቅልኝ ብላኝ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ የምትጮኸው?»

«እንጃ… ትንሽ ታማለች መሰለኝ።»

«አይ፣ ይሄ እንኳ ሕመም አይመስልም። ይሄ የወላጅ ዕዳ ነው።» ዳይሬክተሩ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ፈገግ አለ። «እንኳንም ያንተ አልሆነች!»

«እንኳንም፣ ጋሼ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሳቀም፤ ያንኑ ደንበኛ ሁሉ የሚወድለትን፣ ከሆድ የሚወጣውን ሳቅ።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁ ተመለሰ፦ «የጎረቤት ልጅ ናት።»

«በቀቀንም ናት ለካ!» ብሎ ዳይሬክተሩ ሳቀ። ምላጩም ሥራውን ቀጠለ። ማታ ለሚስቱ ምንም አልነገራትም።

በዚያው ዓመት የክልሉ መንግሥት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አዲስ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ልጆቹ በሕፃናት ድጋፍ ቢሮ እየታዩ ከሦስቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባሉ። አንደኛ ደረጃ የተባለ ልጅ ወላጆቹ ምክር ያገኛሉ፤ ሌላ የለም። ሁለተኛ የተባለ ቀን ቀን በማዕከል እየዋለ፣ ልዩ ሥልጠና ባላቸው አስተማሪዎች ይማራል። ሦስተኛ የተባለ ደግሞ ከማዕከሉ በላይ እቤቱ ድረስ ረዳት ይመደብለታል። ማዕከሉ ግን ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጅ በአዲስ አይቀበልም። እናትየዋ ይህን ስትሰማ ከማጠቢያው ክፍል እጇ እንደረጠበ እየሮጠች መጣች።

«ዘንድሮ ካልገባች ዕድሜዋን ሙሉ ከሳሙና ጋር መዋሏ ነው» አለችው።

ለቀጠሮው ቀን ፈቃድ ለመነች፤ አለቃዋ ከለከሏት። ልጅቷን አባትየው ብቻውን ሊወስዳት ሆነ።

«እንዳለች ውሰዳት፤ ሰማህ? እንዳለች» ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችው።

እሱም እሺ አለ። እጆቹ ግን የለመዱትን ሥራ ያዙ። ልብሷ እንዳይኮሰኩሳት በአንገቱ በኩል የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ፈትቶ አወጣው። ቀጠሮው ሌላ ልጅ ሳይመጣ፣ ኮሪደሩ ጭር ባለበት ሰዓት እንዲሆን የቢሮውን ዘበኛ ለመነ፤ ዘበኛው ደንበኛው ነው። «እንደምን አደራችሁ» የምትለዋን ሰላምታ በመስታወቱ ፊት ለሳምንታት አስጠናት። በመጨረሻም በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን ማሽን አስነሥቶ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ልጅቷም እጇን በኪሱ ላይ አሳርፋ፣ እምምታውን በመዳፏ እየሰማች፣ እንደ እርግብ ረግታ ገባች።

ገምጋሚዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች፤ አጠገቧ አንድ ሐኪም ተቀምጧል። ልጅቷ «እንደምን አደራችሁ» ስትላቸው ሁለቱም ቀና አሉ።

«ሌሊት ትተኛለች?» አለች ገምጋሚዋ።

«ትተኛለች» አለ። የምትተኛው ሊነጋጋ ሲል ነው።

«ሰው ሲበዛ ትረበሻለች?»

«እንደ ማንኛውም ልጅ።»

«ራሷን የመጉዳት ነገርስ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለና እግረ መንገዱን የልጅቷን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረገው። የደደረው አንጓ ተሸፈነ። እጁ ጠባሳ አይቶ እንደሚያልፍ ማሽን በቀላሉ አለፈው። ያሳፈረውም በኋላ ይኸው ቅለቱ ነበር።

ገምጋሚዋ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለች ልጅቷ።

ገምጋሚዋና ሐኪሙ ተያዩ። ከዚያ ሐኪሙ ሳቀ፤ ገምጋሚዋም ተከተለችው። «ትቀልዳለች እንዴ?»

አባትየው ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። እውነቱን መናገር ማለት ያንን ቅዳሜ በእነዚህ ሰዎች ፊት መዘርጋት ነው። «አዎ» አለ። «ቀልድ ትወዳለች። በኔ ወጥታ ነው።»

ገምጋሚዋ አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈች።

ውሳኔው ሲመጣ አንደኛ ደረጃ የሚል ነበር። እናትየዋ ወረቀቱን እንደ ጋለ ምጣድ ጫፍ ጫፉን ይዛ አነበበችው።

«‹በማኅበራዊ ግንኙነት በኩል መልካም ችሎታ አላት፤ ሰው ፊት ትቀልዳለች› ይላል። ማን ናት የምትቀልደው? የኔ ልጅ?»

«እንጃ… ቀለል ያለ ነገር ተናግራ ነበር።»

«ምን አለች?»

«አላስታውስም።»

ልጅቷ ከአልጋው ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ በዳይሬክተሩ ወፍራም ድምፅ ተናገረች፦ «እንኳንም ያንተ አልሆነች!» ቀጥላም በአባቷ ድምፅ «እንኳንም፣ ጋሼ!» አለችና ሳቀች። ሳቁ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነበር። «የጎረቤት ልጅ ናት» ብላም ደመደመች።

እናትየዋ አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ባሏን ለረዥም ጊዜ አየችውና፦

«ሳቁ ያንተ ነው» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ከትራሷ ሥር አኖረችው።

እሱም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሊያስረዳት ሞከረ፤ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ ሱቁ ስም፣ ስለ ሰው አፍ። የተናገረው ሁሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ይከረፋ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለደንበኞቹ ስንት ጊዜ ተርቶታል! ሲተርተው ግን ደባቂው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

አቤቱታውን እናትየዋ አስገባች። ቀልድ የተባለው ቀልድ እንዳልነበረ ጻፈች፤ ምን እንደሆነ ግን አልጻፈችም፤ ያንን ለእሱ ተወችለት። ደንቡ አቤቱታ የቀረበለትን ልጅ ገምጋሚው ልጁ ወደሚውልበት ቦታ ሄዶ እንዲያየው ያዝዛል። ገምጋሚዋ ስልክ ደወለች።

«ሱቅዎን እንዳይዘጉ፤ እንዳያዘጋጇትም» አለችው። «የዘወትር ቀን ይሁን።»

ሚስቱን አብራው እንድትውል ለመናት።

«አልውልም» አለች። «እኔ ካለሁ እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ደግሞ ከኔ ኋላ ትሸሸጋለህ። መጋረጃ አልሆንህም።»

በዕለቱ ጠዋት፣ ዳይሬክተሩ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ራሱን ሲያጽናና፣ ሰውየው ማልዶ መጣ። «የልጅ ልጄ ትመረቃለች፤ እንደ ሙሽራ አድርገኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። አግዳሚው ላይ ደግሞ አንድ አፈኛ ታክሲ ነጂ ተራውን እየጠበቀ ነው። የዳይሬክተሩ ግማሽ ፊት ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ ገምጋሚዋ ከበሩ ገባች።

«በጓሮ በኩል ብንገባ ይሻላል…» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጅቷ የምትውለው የት ነው?» አለች እሷ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

በአገጩ ወደ መጋረጃው አመለከተ። ገምጋሚዋ እስኪከፍተው ቆማ ጠበቀች። ከፈተው። ልጅቷ ከሳሙና ካርቶኖቹ መሐል ማበጠሪያ እየደረደረች ነበር፤ ቀና አላለችም። ዳይሬክተሩ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ገምጋሚዋ ጫማዋን አውልቃ ከፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የማበጠሪያዎቹን ድርደራ ተከታተለች። የእጅጌውን ጫፍ፣ ከእጅጌው በታች ያለውን አንጓ አየች።

«ይህ ከምንድን ነው?»

«ከመቀስ ድምፅ። ሲሰማት ትነክሰዋለች።» ወደ መሳቢያው ሄደ፤ ቁልፉን አወጣ። «ላሳይዎት እችላለሁ።»

«አያሳዩኝ!» አለች ፈጥና። «ልጅ አስጩኸው እንዲያሳዩኝ አልመጣሁም። ይንገሩኝ፤ ይበቃኛል።»

ለእሱ ግን ማሳየቱ በቀለለው ነበር። ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ከዚያም ነገራት፤ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ኪሱ ውስጥ ስለነበረው ማሽን፣ ስለ ሳበው እጅጌ። ገምጋሚዋ መነጽሯን አውልቃ አሸችው።

«እና ያ ንግግርስ? ‹የጎረቤት ልጅ ናት› ያለችው። ከየት አመጣችው?»

ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ እምምታ ብቻ ነበር፤ የዳይሬክተሩን ፀጉር ከከረከመበት ወዲህ ማጥፋቱን ረስቶታል። አጠፋው። ያኔ ምንም የሚሸፍነው ድምፅ አልቀረም።

«ከኔ» አለ። «ጋሼ ‹ምንድን ነው እሱ› ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ‹የጎረቤት ልጅ ናት› ያልኩት። የኔ ልጅ ናት። አፍሬባት ነው።»

ዳይሬክተሩ አልተንቀሳቀሰም። አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ ነበር። የመለሰለት ታክሲ ነጂው ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄን ያህል ላብ ለዚህ ነው?» አለ። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ። ደግሞስ የየትኛው ጎረቤት? በቀኝህ ጫማ ሰፊው አለ፣ ወንደላጤ ነው፤ በግራህ ያለው የብረት መጋዘን ነው። መጋዘኑ ነው የወለዳት?»

«ታውቁ ነበር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ይቺን ጠጉሬን» ታክሲ ነጂው የሳሳውን አናቱን ዳሰሰ፣ «ሙሉ አስመስለህ ስትልከኝ፣ ‹መላጣ ነህ› ብለህ ታውቃለህ? እኛም ዝም አልንህ።»

ይህ ለማጽናናት የተባለ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ከሁሉ ይልቅ በዚህ አፈረ። ያን ሁሉ ጊዜ መጋረጃውን የያዘው እሱ መስሎት ነበር፤ እነሱም በወዲህ በኩል ይዘውለት ኖሯል፤ ልጅቷም በሁለት ወገን ተጋርዳ።

«ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኛ!» አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ፣ ቁጣና ሐፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ። «ስንት ዘመን ልጅ አስተምሬ! ሁላችሁም ዝም ብላችሁ…» ወደ መስታወቱ ተመለሰና ዓይኑን ጨፈነ። «በል ጨርሰኝ። ግማሽ ፊት ይዤ አልወጣም።»

ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን ፊት ላጨ። በዚያ ቀን ቀልድ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ከወጣ በኋላ ለብዙ ሳምንት አልተመለሰም፤ ሲመለስም ከወንበሩ በፊት መጋረጃው ወደነበረበት አየ። ተነሥቶ ነበር።

ውሳኔው ተሻሻለ፦ ሁለተኛ ደረጃ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ማዕከሉ ተቀበላት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በማዕከሉ በር ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ አንዱ ይዘልላል፣ አንዷ ጆሮዋን ይዛለች፣ ማንም በማንም አያፍርም። ተቀባይዋ አስተማሪ ጎንበስ ብላ «የማን ልጅ ነሽ፣ እሙዬ?» አለቻት።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለች ጭምቴ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ወላጆቹ ዞሩ። አስተማሪዋም ልጅቷንና ሰውየውን እያፈራረቀች አየች፤ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ የመጣ መስሏት ይሆናል።

«የኔ ናት» አለ እሱ።

በማግሥቱም ጥያቄው ተጠየቀ፤ መልሱም ያው ነበር። አስተማሪዋ ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን ቀየረች፤ ልጅቷ ግን በሩን ስታይ ሳትጠየቅ ትናገረዋለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከእሷ ዘንድ ደግሞ የገባ ቃል መውጫ የለውም። እሱም ጠዋት ጠዋት «የኔ ናት» ይላል። ያቺን ቃል ግን እስከ አሁን አልያዘችለትም።

አንድ ቀን ማታ እናትየዋ ምክንያቱን ነገረችው። «እሷ የምትይዘው አፍህን ሞልተህ ያልከውን ነው» አለች፣ የታጠቡ ፎጣዎቹን እያጠፈች። «ያኛውን ስትል አፍህን ሞልተህ ነበር። ይቺን ግን ታንሾካሹካታለህ።»

በማግሥቱ በሩ ዘንድ ሲደርሱ ወላጆቹ እንደ ወትሮው ቆመዋል። ልጅቷ እጇን በኪሱ ላይ፣ በማሽኑ እምምታ ላይ እንዳሳረፈች፣ «የጎረቤት ልጅ ናት» አለች። እሱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። አፉን ሞላና፦

«የኔ ልጅ ናት!» አለ።

ድምፁ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ። ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ ማሽኑን በመዳፏ እያዳመጠች ወደ ውስጥ ገባች። እሱም ነገ ደግሞ ከዚህ ከፍ አድርጎ ሊናገረው እንደሚገባ እያሰበ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ሄደ።